በምን አወቅሽ ባዩ ጋሽ አጥናፉ

ልጄ የምትጠቀለልበትን ጋቢ ጋሽ አጥናፉ ከአገር ቤት እንደላኩልኝ አውቅ ነበር። «አውቅ ነበር» ስል ራሴን እታዘባለሁ። ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት ባለቤቴ ዳዊት አምጥቶ ጉልበቴ ላይ አኖረውና «ጋሽ አጥናፉ ላኩልሽ» አለኝ፤ እኔም አመንኩ። ጫፉን በጣቶቼ አሸት አሸት እያደረግኩ «አየህ፣ ጥሩ ሸማኔ ፈልገው ነው» ብዬ ምርጫቸውን አደነቅኩ። ለካ ጋቢው የተገዛው እዚሁ አትላንታ፣ ከሐበሻ ሱቅ ነው። በተገዛበት ቀን ጋሽ አጥናፉ ከሞቱ ስድስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር።

መርዶውን የሰማሁት ልጄ ሁለት ወር ሲሞላት ነው። ክርስትናዋ እየቀረበ ስለነበር የምጠራቸውን ሰዎች ስም በወረቀት ስጽፍ ከሁሉም በላይ የጋሽ አጥናፉን ስም አሰፈርኩ። ዳዊትን፣ ለክርስትናው መመለስ አለባቸው፤ ቲኬታቸውን ቼንጅ ያድርጉ በላቸው አልኩት። ወረቀቱን አየና ወደ ጓዳ ገባ። በማግስቱ እሑድ ጠዋት፣ ከአትላንታ ዳር ሊቶኒያ ባለው ቤታችን ደጃፍ መኪና ሲቆም ሰማሁ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ። በመስኮት ሳይ እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወርዳሉ። ማንም አፉን ሳይከፍት አወቅኩ። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚያውቁት ያስተማሩኝ ራሳቸው ሟቹ ናቸው።

«ስትረስ እንዳታደርጊ ብለን ነው፣ ፍሬ። ለአንቺም ለቤቢዋም ብለን ነው» አለ ዳዊት እያለቀሰ።

ቀብራቸው ላይ አልቆምኩም፤ አርባቸውን አላወጣሁም፤ እሳቸው አፈር ውስጥ ሆነው እኔ ጋቢያቸውን እያመሰገንኩ ስስቅ ከርሜአለሁ። የምቆጣበት ምክንያት ሞልቶኛል። ግን በዚህ ነገር ሰው ልቆጣ የምችል ሴት አይደለሁም።

ጋሽ አጥናፉን ያወቅኳቸው እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ቻምብሊ ውስጥ፣ ነርሲንግ ሆም ከሚሠሩት ከእትዬ ሙሉ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ጋሽ አጥናፉ እዚያው ግቢ፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሚድታውን ያለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ካሸር አድርገው ያስቀጠሩኝም፣ በየማለዳው በአሮጌ ግራጫ መኪናቸው ራይድ የሚሰጡኝም እሳቸው ናቸው። ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከዩኒፎርማቸው ጃኬት ሥር ሁልጊዜ ከረባት የሚያስሩ ሰው ነበሩ። ከረባቱን ማንም አላዘዛቸውም። ጅማ ውስጥ ባንድ ኮሌጅ ሃያ ዓመት ሎጂክ ሲያስተምሩ ከረባት አስረው ነበርና፣ ያለዚያ ሥራ የገቡ አይመስላቸውም።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰውዬ በእግሩ ወርዶ ሒሳብ ከምቀበልበት ቡዝ ፊት ቆመና ቲኬቴ ጠፋኝ አለ። ቲኬት የጠፋበት የሙሉ ቀን ነው የሚከፍለው። እሱ ግን ከገባ ሃያ ደቂቃ እንደማይሆነው ይምላል ይገዘታል። ይሄማ ውሸታም ነው አልኩ በአማርኛ፣ ለራሴ። ጋሽ አጥናፉ ከጎን ካለው ቡዝ ሰምተውኝ ወጡ።

«በምን አወቅሽ?»

ፊቱ ያስታውቃል አልኳቸው። ፊቱ ምን አለሽ ብለው ጠየቁኝ። ፊቱ ምንም አላለኝም፤ እውነቱን ለመናገር በደንብም አላየሁትም። ሰውዬውን ይቅርታ ጠየቁና ሁለታችንንም ይዘው መኪናው ወደቆመበት ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ኮፈኑ ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ እንደሚባርክ ቄስ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እጅሽን አሳርፊበት» አሉኝ። አሳረፍኩ። ይፋጃል። «ገና አሁን መምጣቱ ነው» አሉና ሰውዬውን በሃያ ደቂቃ ሂሳብ ሸኙት።

እኔ ደግሞ በቀላሉ የምሸነፍ አይደለሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለም ወይ ብዬ ሞገትኳቸው። «መጠርጠርማ ማንም ይጠረጥራል፤ ከወንበር መነሣት አያስፈልገውም። ለማወቅ ግን ሦስት ፎቅ መውጣት አለ» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከአፌ የወጣ አንድም ዓረፍተ ነገር ያለ ጥያቄ አላለፈም። አለቃችን ክፉ ነው ስል፣ በምን አወቅሽ? ዛሬ ይዘንባል ስል፣ በምን አወቅሽ? አንዳንድ ቀን ከመኪናው ወርጄ በባቡር መሄድ ያምረኝ ነበር።

ጥያቄው ግን የእሳቸው አልነበረም፤ የልጃቸው የእመቤት ነው። በአራት ዓመቷ ነገ እሑድ ነው ቢሏት «በምን አወቅክ አባዬ?» አለቻቸው። መልሱን ፍለጋ ካላንደር አወረዱ፤ ካላንደሩስ በምን አወቀ አለች። ለዓመታት ሎጂክ ሳስተምር ኖሬ ሎጂክ የገባኝ ያን ቀን ነው ይሉ ነበር። እመቤት ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ጅማ ውስጥ አስተማሪ ነበረች። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ዲቪ ሲደርሳቸው ልጅቱ ሃያ አንድ ዓመት አልፏት ስለነበር አብራቸው መምጣት አልቻለችም። ሲትዝን እንደሆኑ አፕላይ አደረጉላት፤ ያም ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ በዚያ ክረምት ለኢንተርቪው እንደምትጠራ ተነግሯቸው ነበር። መኝታ ቤታቸውን ለእሷ ለቀው እሳቸው ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመሩ። ገና ሳትመጣ ለምን ይቸገራሉ ስላቸው፣ ሶፋውን መልመድ አለብኝ አሉ።

በ2014 መጀመሪያ ነርሲንግ ለመማር ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተመዘገብኩ። ከሥራ ሰዓቴ ጋር የሚገጥም የቀረው ክፍል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የፍልስፍና መግቢያ። በሽተኛ ለማጠብ ፍልስፍና ምን ያደርግልኛል እያልኩ ገባሁ። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅኩ። በማግስቱ መኪና ውስጥ ለጋሽ አጥናፉ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ሰው ወደቅኩ ሲል እንዲህ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም። ከቻምብሊ ሚድታውን ያለው ሠላሳ ደቂቃ ያን ቀን ትምህርት ቤት ሆነ።

መጽሐፉ «ማወቅ ምንድን ነው?» ብሎ ነበር የሚጀምረው። እሳቸው መጽሐፉን አልከፈቱም። የሕንፃችን መግቢያ ላይ «ሞልቷል» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቀይ መብራት ነበር፤ ተበላሽቶ ሕንፃው ባዶም ሲሆን ይበራል። እሱን አሳዩኝና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ አንድ ሰው ይህን መብራት አይቶ «ዛሬ ሞልቷል» ብሎ ቢያልፍ፣ እንዳጋጣሚ ደግሞ ያን ቀን በእርግጥ ሞልቶ ቢሆን፣ ሰውዬው ያመነው ነገር እውነት ነው፤ ግን ያውቃል ወይ? እንዴታ፣ ያውቃል እንጂ አልኩ። ጥያቄውን ትተውልኝ ወደ ቡዛቸው ገቡ። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ብር እየመለስኩ፣ ቲኬት እየቆረጥኩ አሰብኩበት። በሦስተኛው ቀን አንዲት ደንበኛ ፊቴ ቆማ ሳለ በራልኝ፤ መብራቱ ሕንፃው ባዶም ቢሆን ያንኑ ይለው ነበር። ስለዚህ ሰውዬው አያውቅም፤ ዕድል ቀናው እንጂ። ይህንኑ ከቡዝ ወደ ቡዝ ጮኬ ነገርኳቸው። ከረባታቸውን አስተካክለው መጡና እንደ ባልደረባ ጨበጡኝ።

ሌላ ቀን ዕድሜዬን ጠየቁኝ። ሃያ አራት ነው አልኩ። በምን አወቅሽ፤ ስትወለጂ አይተሻል? እናቴ ነግራኝ ነዋ። እናትሽንስ ማን መረመራት? ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ግን ኮስተር አሉ።

«አየሽ፣ ከምናውቀው ብዙው ከሰው አፍ የተቀበልነው ነው። ሁሉ ነገር ላይ እጅ አሳርፎ አይዘለቅም፤ ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ ሳትመረምሪ የምታምኚያቸውን ሰዎች ምረጪ። ጥቂት ይሁኑ። እኔ ሦስት አሉኝ፤ አንዷ እመቤት ናት፤ ሁለተኛው መኪናዬን የሚጠግነው ኮሪያዊ ነው። ሦስተኛዋ እየተማረች ነው።»

ሦስተኛዋን ሲሉ ወደ እኔ አልዞሩም፤ መንገዱን ነበር የሚያዩት። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ ቡዝ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል ዋልኩ።

በዚያው በጥር ወር አትላንታ ላይ በረዶ ጣለ። ሁለት ጣት የማይሞላ በረዶ ነው፤ ከተማው ግን አበደ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሠራተኛውን ባንድ ጊዜ ለቀቀና መንገዱ ተቆለፈ። እኛም ከቀትር በኋላ ከሚድታውን ወጥተን ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ቆምን። ከፊታችን አንዲት ነጭ መኪና የኋላ መብራቷን አብርታ ቆማለች። እሷ ካልሄደች እኛ አንሄድም። ጋሽ አጥናፉ ጊዜው ለምን ይባክናል ብለው ስለ ማስረጃ የሚናገረውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ያስረዱኝ ጀመር። አንድ ሰዓት ሲያልፍ ትዕግሥቴ አለቀና ወረድኩ። እየተንሸራተትኩ ሄጄ መዳፌን ኮፈኗ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቅዛለች። በመስኮቷ ሳይ ሰው የለባትም። ባለቤቷ መብራቷን እንዳበራ ትቷት በእግሩ ሄዷል።

ተመልሼ ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። መብራት ስለበራ ሰው አለ አልን፤ የሎጂክ መምህር ተብዬ ባዶ መኪና ኋላ ቆሜ ስለ ማስረጃ አስተምራለሁ እያሉ መሪውን በመዳፋቸው ይመቱ ነበር። ከዚያም «አሁን ከኔ በልጠሻል» አሉኝ። ነጯን መኪና በጎን ዞረናት አለፍን። ሳያቸው በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። እንደዚያ ሲስቁ ዳግመኛ አላየኋቸውም።

በመጋቢት እመቤት ሞተች። በሁለት ቀን ድንገተኛ ሕመም። ስልኩ የተደወለው ለእትዬ ሙሉ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሽማግሌዎች እትዬ ሙሉ ሳሎን ተሰበሰቡ፤ እኔም የቤቱ ልጅ ነኝና አንድ ጥግ ተቀመጥኩ። ጋሽ አጥናፉ የልባቸው ደም ስር ጠቦ በሦስተኛው ሳምንት ደም ስሩን የሚከፍት ስቴንት ሊገባላቸው ቀጠሮ ነበራቸው። መርዶ እንዲህ በዋዛ አይነገርም፤ ቀን ይመረጥለታል፤ ሰው ይሰበሰብለታል። ሕክምናው እስኪያልፍ ይቆይ ተባለ። እሳቸው እኮ መስማት የሚፈልጉ ሰው ናቸው አልኩ በቀስታ። እትዬ ሙሉ ዓይናቸው በርበሬ መስሎ ነበር። «ልቡ ቀጥ ትላለች፣ ልጄ። ነርሲንግ ሆም ስንቱን አይቻለሁ። ደሞ ጠዋት ጠዋት አብራው የምትሄደው አንቺ ነሽ፤ አደራ» አሉኝ። ክፋት አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ።

ዝምታው ቢሆን ኖሮ እንኳ ይሻል ነበር። በስምንተኛው ቀን መኪና ውስጥ፣ ለእመቤት እሑድ ደውለው እንዳጧት፣ ሰኞም ማክሰኞም እንዳጧት ነገሩኝ። ዘመዶቿ ኔትዎርክ ነው ይሏቸዋል። እኔም ኔትዎርክ ነው አልኩ። «በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ይመስለኛል ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ጥያቄውን በሚወዱት መንገድ መለስኩላቸው። «እናቴንም ሦስት ቀን ሙሉ ሞክሬ አጣኋት። ስልኳ ጭራሽ አይጠራም» አልኳቸው። ከእናቴ ጋር የዚያኑ ዕለት ዋዜማ አንድ ሰዓት ሙሉ አውርተን ነበር። ጋሽ አጥናፉ በረዥሙ ተነፈሱ፤ ትከሻቸው ወረደ። «አንቺ ካልሽ እሺ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ስልኩ ማንንም አልጠየቁም።

እንዲያውም ልባቸው ቀለል ብሏቸው ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ወዳለ የልብስ ሱቅ ይዘውኝ ሄዱ። ብርዱ እያለቀ ስለሆነ ካፖርት ሴል ላይ ነው፤ እመቤት ደግሞ የዚህን አገር ብርድ አታውቀውም፤ ቁመታችሁም አንድ ነው፣ ለኪልኝ አሉኝ። ወይን ጠጅ ካፖርት አነሡ። ለበስኩት። ዞር በይ አሉኝ፤ ዞርኩ። እጅጌው አጠረሽ አሉኝ፤ አላጠረም አልኩ። መዳፋቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ጨርቁን ዳሰሱና «ይሞቃል?» አሉኝ። ይሞቃል አልኳቸው። በመስተዋቱ ውስጥ የሟች ልብስ ለብሼ፣ ከኋላዬ አባቷ ፈገግ ብለው ቆመው ራሴን አየሁት። ይህን ጽፌ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።

ሕክምናው በደንብ አለፈ። ልባቸው ተጠገነች፤ እኛም ልንሰብራት እሑድን ቀጠርን።

በማለዳ ወደ አሥር የምንሆን ሰዎች በራቸው ላይ ቆምን። የቤት ልብስ ለብሰው ከፈቱ። ያለ ከረባት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ከኋላቸው በሳሎኑ በር ላይ ያ ካፖርት ከነዋጋ ወረቀቱ ተሰቅሏል። ሽማግሌው ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ጋሽ አጥናፉ እጃቸውን አነሡ። አትናገሩ ማለታቸው ነው። በመካከላችን አልፈው ደረጃውን ወርደው ወደ መኪናዎቹ ሄዱ። የመጀመሪያው ኮፈን ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ወደ ሦስተኛው። ሁሉም ይሞቃሉ። እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴውም ጸሎቱም ተትቶ፣ ከሦስት የተለያየ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሰዎች መኪና ባንድ ሰዓት ሞቆ ቆሟል።

«አብራችሁ ነው የመጣችሁት» አሉ። ከዚያ በሰዎቹ መካከል ፈልገው እኔን አገኙ። «እናትሽ ስልክ አነሣች?»

አንገቴን ደፋሁ። መቼ ነው ብለው ሲጠይቁ እትዬ ሙሉ እያለቀሱ፣ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው አሏቸው።

«አሥራ ዘጠኝ ቀን» አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ አሁንም እኔን እያዩ፤ «አሥራ ዘጠኝ ቀን ባዶ መኪና ኋላ ቆምኩ።»

ከዚያ በኋላ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አሉ። ሴቶቹ ጮኹ፤ ግቢው በለቅሶ ተናወጠ፤ የሌላ አገር ጎረቤቶች በመስኮት ብቅ አሉ። እሳቸው ግን የተቀመጡበትን አስፋልት በመዳፋቸው ይዳስሱ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ተመለሱ። በማለዳ ስወርድ መኪናውን አስነሥተው እንደ ወትሮው ይጠብቁኛል። ገባሁ። ሬዲዮ ከፈቱ። ከዚያ በፊት ሬዲዮ ከፍተው አያውቁም ነበር። ቁጣ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። አንድ ቀን ቡዛቸው ድረስ ሄጄ ይቅር ይበሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

«ልጄ፣ አዘውሽ ነው፤ አውቃለሁ። አልተቀየምኩሽም» አሉኝ። ቲኬት የሚቆርጠውን ማሽን ያለ ምክንያት ነካ ነካ አደረጉ። «ሌሎቹ ዝም አሉኝ። አንቺ ግን ማስረጃ ሰጠሽኝ።»

ፍልስፍናውን ኤ አመጣሁ። ስነግራቸው «ጎሽ» አሉ። ድሮ ቢሆን፣ ኤ የሚገባሽ መሆኑን በምን አወቅሽ ብለው እስከ ሚድታውን ያፋጥጡኝ ነበር። ያን ቀን ነው የገባኝ። ራይድ አልከለከሉኝም፤ ሰላምታ አልነፈጉኝም። ጥያቄውን ነው የወሰዱት። እመቤትን ተከትሎ ሄደ ልበል፣ ወይስ ለእኔ አይገባም ብለው ይሆን፣ አላውቅም። ከእሳቸው የተማርኩት አንዱ ነገር የማላውቀውን አላውቅም ማለት ነው፤ ዘግይቶ መማር ምን ያደርጋል።

ከዚያ ነርሲንጉን ጨረስኩ፣ ዳዊትን አገባሁ፣ ሊቶኒያ ገባን። ጋሽ አጥናፉ ቻምብሊ ቀሩ። በየሳምንቱ እደውልላቸዋለሁ፤ በዓል ሲሆን እንጠይቃቸዋለን። ጥያቄውን ላስመልስ ያልሞከርኩት ነገር የለም። አትላንታ ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ ውሸታም ነው አልኳቸው፣ ዳዊት አጠገቤ ተቀምጦ። ይሆናል አሉ። ዘንድሮ በረዶ አይጥልም አልኳቸው፤ ይሆናል አሉ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ የሚለውን ተረት ለእሳቸው የተተረተ ነው ብዬ ስቀልድ ድሮ ይስቁ ነበር፤ አሁን ፈገግ ብለው ሻይ ይቀዱልኛል። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገርነው በ2018፣ እርግዝናዬ ስምንተኛ ወሩን ሊይዝ ሲል ነው። በምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ በምሳ ብሬኬ ቆሜ እየበላሁ ስልኬ ጠራ። እሳቸው ደውለው አያውቁም ማለት ይቻላል፤ ሁልጊዜ የምደውለው እኔ ነበርኩ። ደኅንነቴን ጠየቁኝ። ምን እንደምወልድ ታውቆ እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ሴት ናት» አልኳቸው።

«በምን አወቅሽ?»

«እንዴ ጋሽ አጥናፉ፣ በአልትራሳውንድ ነዋ።»

«እሱን ማሽን ተዪው። እጅሽን አሳርፊበት።»

ሳቅኩ። አንዲት ባልደረባዬ በበሩ ብቅ ብላ በሽተኛ እንደሚጠብቀኝ በእጇ አሳየችኝ። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። በአራተኛው ቀን ጋሽ አጥናፉ ሶፋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። እኔ በሳምንቱ ስደውል ስልካቸው አይጠራም። ዳዊትን ብጠይቀው ለእረፍት አገር ቤት ገብተዋል አለኝ። በምን አወቅክ አላልኩትም። እንግዲያውስ ለልጄ ትንሽ ጋቢ ያምጡልኝ፣ ላክባቸው አልኩት እንጂ።

ታዲያ በዚያ እሑድ ጠዋት፣ ሳሎኑ በለቅሶ ተሞልቶ፣ ዳዊት እግሬ ሥር ተንበርክኮ ሳለ፣ ያ የስልክ ድምፅ እንደ አዲስ ተሰማኝ። በምን አወቅሽ። አራት ዓመት ሙሉ የለመንኩት ጥያቄ ተመልሶልኝ ነበር። ደውለው ነው የመለሱልኝ። እኔ አፌ ምግብ እንደሞላ፣ ሰዓት እንደጠየቀኝ ሰው መልሼላቸው ዘጋሁት። እንደሰማኋቸው ሳያውቁ ሞቱ። ልቤ የተሰበረው በሞታቸው ብቻ አይደለም፤ በዚህ ነው።

እትዬ ሙሉ ልጄን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ እንዳልጥላት ፈርተው ይመስለኛል። አልሰጠኋቸውም። ጋቢውን ገለጥ አድርጌ መዳፌን ደረቷ ላይ አሳረፍኩ። ትሞቃለች። ገና አሁን መምጣቷ ነው።